የፎቶግራፍ ማንሻ ታሪክና መስተዋት አልባ ካሜራ የመረጥንበት ምክንያት

ይህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ የሆነው የዓመት መጽሐፍ እንዲዘጋጅ በተወሰነ ጊዜ፣ የድሮዎቹን ፎቶግራፎች የመሰብሰቡና አዲሶቹን የማንሣቱ ሥራ በእኛ በታሪክ ክበብ አባሎች ላይ ወደቀ። ሥራው ቀላል መስሎን በደስታ ተቀበልነው። ዳሩ ግን ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ እንዳሰብነው አለመሆኑን ተረዳን።

በርእሰ መምህራችን ፈቃድ የሪከርድ ክፍሉን አሮጌ ማኅደሮች ከፍተን ስንመለከት ያገኘነው ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። የቀድሞ ተማሪዎች እንደ ነገሩን፣ በዚያን ዘመን የበዴሳ ልጅ ፎቶግራፍ የሚነሣው ለምዝገባ ወይም ለፈተና ሲጠየቅ ነበር፤ ለዚያውም ሶዶ ድረስ ሄዶ። ብዙዎቹ ጉርዶች ከወረቀቱ ጋር በስፒል ተያይዘው የኖሩ ስለ ሆነ ዝገቱ ግንባራቸውን በልቶታል። አንድን ክፍል በሙሉ የሚያሳይ ሥዕል በጠቅላላው ሦስት ብቻ ተገኘ። ከሦስቱም አንዱ፣ ተማሪዎቹ በኖራ በተቀባ ነጭ ግድግዳ ፊት ቆመው የተነሡት፣ ፊታቸው ሁሉ እንደ ጥላ ጠቁሮ ሸሚዛቸው ብቻ የሚታይ ነው። ይህን ሥዕል በመምህራን ማረፊያ ክፍል ዘርግተን ስንመለከት አንዲት የተማሪ እናት መጡና ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆይተው «ወንድሜ ይህ ነው» ብለው በጣታቸው አመለከቱን። «እማማ፣ ፊቱ አይታይም እኮ፤ በምን ዐወቁት?» ብለን ብንጠይቃቸው «ልጆቼ፣ ኮሌታውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ» አሉን። ወንድማቸው ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ሌላ ሥዕልም የለውም።

አዳዲሶቹን ሥዕሎች ለማንሣት የተማመንነው በትምህርት ቤቱ አሮጌ ካሜራ ነበር። ይህ ካሜራ በስጦታ የተገኘ፣ ከሌንሱ ጋር ሲመዘን ከአንድ ኪሎ በላይ የሚከብድ፣ በውስጡ መስተዋት ያለው ዓይነት ነው። በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችና ሠራተኞች በሕይወት ያሉት በግቢያችን ሲሰበሰቡ ሁሉንም ባንድ ላይ ልናነሣ ተሰናዳን። ሽማግሌዎቹ በሁለት ረድፍ ተሰለፉ፤ ባርኔጣ የነበረው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ነጠላም ተስተካከለ። ማንሻው ሲጫን መስተዋቱ ወደ ላይ ወጣና በዚያው ቀረ፤ መመልከቻውም ጨለመ። ጥፋቱ በከፊል የኛ ነው፤ ካሜራውን ያለ ከረጢት በጠመኔ ብናኝ መካከል በቁም ሣጥን ውስጥ ስናኖረው ኖረናልና። በችኮላ በስልክ አነሣን። በስልኩ መስተዋት ላይ ሲታይ ደኅና ይመስል ነበር፤ ለመጽሐፍ ገጽ በሚሆን መጠን ሲታተም ግን በኋለኛው ረድፍ የቆሙት ሰዎች ፊት እንደ ቀለጠ ሰም ሆኖ ተገኘ። ከእነርሱም መካከል ለብዙ ዓመታት የትምህርት ቤቱን ደወል ሲደውሉ የኖሩት አባት ነበሩ። ሌላ ቀን ቤታቸው ሄደን እናነሣቸዋለን ስንል፣ በጥር ወር ዐረፉ።

ኮሚቴው አዲስ ካሜራ እንዲገዛ የወሰነው ከዚህ በኋላ ነው። ወላጆች እንደ ዐቅማቸው አዋጡ፤ ምን ዓይነት ካሜራ ይገዛ የሚለው ጥናት ለእኛ ተሰጠ። የታሪክ መምህራችን «ዕቃውን ከመምረጣችሁ በፊት ከየት እንደ መጣ ዕወቁ» ስላሉን ጥናታችን የተጀመረው ከታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልንበት በኛ አቆጣጠር፣ እ.ኤ.አ. ያልንበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ካሜራ የሚለው ቃል በላቲን ቋንቋ ክፍል ወይም እልፍኝ ማለት ነው። በጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ሲበጅ፣ በውጭ ያለው ነገር ተገልብጦ በማዶው ግድግዳ ላይ እንደሚታይ ኢብን አል ሃይሠም የተባለው ሊቅ ከሺህ ዓመት በፊት ገደማ መርምሮ ጽፏል። ከእኛም መካከል በሣር ቤት ያደጉት፣ ረፋድ ላይ በስንጥቅ በገባው ብርሃን በውጭ የሚያልፈው ሰው ቁልቁል ተዘቅዝቆ ሲሄድ በግድግዳው ላይ አይተዋል። አስቸጋሪው ነገር ያንን ሥዕል ይዞ ማስቀረቱ ነበር። ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒዬፕስ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ የመጀመሪያውን ሥዕል አስቀረ፤ የዳጌር ዘዴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1839 በፓሪስ ለዓለም ተገለጠ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1851 እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ስኮት አርቸር በመስተዋት ሰሌዳ ላይ የሚቀባ እርጥብ መድኀኒት አወጣ። ይህ ዘዴ ሥዕሉን አጥርቶ ቢያወጣም ሰሌዳው ሳይደርቅ መነሣትና መታጠብ ነበረበት። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው በሄደበት ሁሉ ጨለማ ድንኳን፣ የመድኀኒት ጠርሙስና የመስተዋት ሣጥን ይዞ መጓዝ ግዴታው ነበር።

እንዲህ ያለው ጓዝ ወደ አገራችን የገባበት የታወቀው ጊዜ የመቅደላ ዘመቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 እና በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲጓዝ፣ ከመሐንዲሶቹ ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው ነበሩ። ዛሬ በኪስ የሚያዘውን ሥራ ያኔ እንስሳት በጀርባቸው ተሸክመው ተራራ ለተራራ አመላለሱት። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በዚያም ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1868 አነሣችው። ልጁ ገና የ7 ዓመት ሕፃን ነበር። ሥዕሉን የተመለከተ ሰው ዓይኖቹን አይረሳም፤ እኛም አልረሳንም። አባቱን ግን ካሜራ አንሥቶት ቢሆን ኖሮ ብለን ብዙ ተከራከርን፤ የቴዎድሮስን መልክ የምናውቀው በእጅ ከተሣሉ ሥዕሎች ነውና።

የወላይታም ስም በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ የሚነሣው ከዘመቻ ጋር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ጦራቸውን እየመሩ ወደ ወላይታ ሲዘምቱ፣ ቫንደርሃይም የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ አብሮ ተጓዘ። የወላይታው የመጨረሻ ንጉሥ ካዎ ጦና ተማረኩ፤ ሕዝቡም እጅግ አለቀ። ቫንደርሃይም ያየውን ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1896 በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፉ ተረከ፤ መጽሐፉም በራሱ ፎቶግራፎች መሠረት በተሠሩ ሥዕሎች የታጀበ ነው። የዘመቻውን መከራ ሳይሸፋፍን ስለ ጻፈው ዛሬም ድረስ የታሪክ ጸሐፊዎች ይጠቅሱታል።

በዚህ ነገር ላይ ክበባችን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተወያይቷል። ከእኛ መካከል አንዳንዶቹ «ያ ሰው ባይጽፍና ባያነሣ ኖሮ ምን እናውቅ ነበር?» አሉ፤ እውነት ነው። ሌሎቹ ደግሞ «ያነሣው ከጦሩ ወገን ቆሞ ነው፤ የተነሣው ሰው ቁም ተባለ እንጂ እንዴት ልነሣ ብሎ አልተጠየቀም» አሉ፤ ይህም እውነት ነው። በመጨረሻ ስንስማማ፣ ካሜራ የቆመበት ቦታ የሚታየውን ነገር ይወስናል በሚለው ላይ ተስማማን። ትምህርት ቤታችን የራሱ ካሜራ እንዲኖረው ከበፊቱ ይልቅ የጓጓነው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ ፎቶግራፍ ወደ ቤተ መንግሥት ገብቶ ሙያ ሆነ። ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ብዙ አንሥቷል፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ደግሞ የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሃይጋዝና ቶኒ በየተራ ሥራውን ወረሱ። ሽመልስ ደስታም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በዚሁ ሙያ አገልግሏል። ከእነርሱ ወዲህ በየከተማው ፎቶ ቤት ተከፈተ፤ የተቀባ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባና ኮት የሚያውሰው ፎቶ ቤት ታሪክ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚሻ እዚህ ላይ እናልፈዋለን።

አሁን ወደ መሣሪያው መጠን እንመለስ። አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን እ.ኤ.አ. በ1888 ኮዳክ የተባለውን ካሜራ በ25 ዶላር ሲሸጥ በውስጡ 100 ሥዕል የሚያነሣ የፊልም ጥቅል ነበረበት። ሰሌዳና ድንኳን ቀረ። ከዚያ በኋላ ኦስካር ባርናክ የሚባል ጀርመናዊ መካኒክ መጣ። ይህ ሰው የአስም በሽተኛ ስለ ነበረ ከባዱን ካሜራ ተሸክሞ ተራራ መውጣት አልቻለም ይባላል፤ ስለዚህም የሲኒማ ፊልም የሚጎርስ፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ካሜራ ሠራ። ያም ካሜራ ላይካ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1925 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ ቀረበ። ያነሣው የነበረው ሥዕል ስፋቱ 24 በ36 ሚሊሜትር ነው፤ ዛሬም «ሙሉ ፍሬም» የሚባለው መለኪያ ከዚያ የመጣ ነው። አልፍሬድ አይዘንስታት የኢጣልያ ወረራ ሲቃረብ እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የአንድን ባዶ እግሩን የሆነ ወታደር የተሰነጣጠቀ እግር ሲያነሣ ላይካ ይዞ ነበር። የመቅደላው ዓይነት ጓዝ ቢሆን ኖሮ ወታደሩ እግሩን ሰብስቦ፣ ጫማም ተፈልጎለት ነበር።

ላይካ መስተዋት አልነበረውም። አነጣጣሪው የሚያየው በጎን በተሠራ መስኮት እንጂ በሌንሱ ውስጥ ስላልነበረ፣ በቅርብና በሩቅ ሌንስ ሲሠራ ያየውና የተነሣው አንድ አይሆኑም ነበር። መስተዋቱ የገባው ይህን ለማስወገድ ነው። በሌንሱ የገባውን ብርሃን በ45 ዲግሪ ያጋደለ መስተዋት ወደ ላይ አንጸባርቆ ለዓይን ያደርሰዋል፤ ማንሻው ሲጫን መስተዋቱ ተነሥቶ ብርሃኑን ለፊልሙ ይለቃል። ድሬስደን ላይ የተሠራው ኪነ ኤግዛክታ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ሥዕሉን ቀና አድርጎ የሚያሳየው ኮንታክስ ኤስ እ.ኤ.አ. በ1949 ወጡ። መስተዋቱ ከተነሣ በኋላ ወዲያው እንዲመለስ ያደረገው የጃፓኑ አሳሂፍሌክስ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ኒኮን ኤፍ ደግሞ የጋዜጠኞች ሁሉ መሣሪያ ሆነ።

ይሁን እንጂ መስተዋቱ ዋጋ አስከፍሏል። የሚነሣበትና የሚወድቅበት ስፍራ ስለሚሻ ሌንሱ ከፊልሙ መራቅ አለበት፤ በኒኮን ኤፍ ይህ ርቀት 46.5 ሚሊሜትር ነው። ካሜራው ይወፍራል፤ ሰፊ የሚያሳዩ ሌንሶችም ይከብዳሉ። ሲነሣም ይጮኻል፤ ደግሞም የሚንቀሳቀስ ብረት ነውና አንድ ቀን ይቆማል። ይህን የመጨረሻውን ከመጽሐፍ ሳይሆን በኅዳር ወር በግቢያችን ተማርነው።

የመስተዋቱ ዘመን ማክተም የጀመረው ፊልም በሴንሰር ሲተካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ቦይልና ስሚዝ በቤል ላቦራቶሪ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ሲ.ሲ.ዲ. ፈለሰፉ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ስቲቨን ሳሶን በኮዳክ ውስጥ የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ አንዱን ሥዕል በካሴት ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። የሚያሳዝነው፣ ኮዳክ በቤቱ የተወለደውን ልጅ ሳያሳድገው ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ከዕዳ ከለላ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት መሄዱ ነው። ሴንሰሩ ያየውን በትንሽ የኤሌክትሪክ መስኮት ለዓይን ማሳየት ከተቻለ ግን መስተዋት ለምን ያስፈልጋል? ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2008 ጂ 1 የተባለውን፣ ኦሊምፐስ በ2009 ኢ-ፒ 1ን አወጡ፤ ሶኒ በ2010 ተከተለ፣ በ2013ም ሙሉ ፍሬም ያለውን ኤ 7 ጨመረ፤ ካኖንና ኒኮን እስከ 2018 ድረስ በሙሉ ፍሬም ሳይገቡ ቆይተው በዚያ ዓመት ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ለሽያጭ ከተላኩት ካሜራዎች መስተዋት አልባዎቹ ባለመስተዋቶቹን በቁጥር በለጡ። በዚያው ጊዜ ግን ጠቅላላው የካሜራ ንግድ በስልክ ምክንያት እየከሰመ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ120 ሚሊዮን በላይ ካሜራ ሲላክ በ2020 ወደ 9 ሚሊዮን ገደማ ወርዷል።

ታሪኩን እስከዚህ ካጠናን በኋላ ወደ ምርጫው ገባን፤ እዚህ ላይ ገንዘብ የሚባል ጌታ መጣ። መዋጮው እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ሲሰበሰብ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ ብዙ ሳምንት ሳይቆይ አንዱ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። የወላጆቻችን ገንዘብ በሣጥን ውስጥ እንደ ተቀመጠ በግማሽ ያህል ቀለለ። ዝርዝር አውጥተን የነበርነው አዲስ ካሜራ ከሁለት ሌንስ ጋር ነበር፤ አሁን ግን ወይ አዲስ ካሜራ ያለ ሌንስ፣ ወይ ያገለገለ ካሜራ ከሌንስ ጋር የሚል ምርጫ ቀረበልን። ያገለገለውን መረጥን። ካሜራ በየሁለት ዓመቱ ያረጃል፣ ጥሩ ሌንስ ግን ለልጅ ይተርፋል ብለው የመከሩን ሰው ነበሩ፤ ስለ እርሳቸው ኋላ እናነሣለን።

ከኮሚቴው አባሎች አንዱ «ስልክ ለምን አይበቃም?» ብለው አጥብቀው ጠየቁ። መልሳችን ሴንሰሩን በማነጻጸር ነበር። የስልክ ሴንሰር ከጣት ጥፍር ያንሳል፤ ማይክሮ ፎር ሰርድስ የሚባለው ዓይነት 17.3 በ13 ሚሊሜትር ነው፤ ኤ.ፒ.ኤስ.-ሲ. የሚባለው 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ሙሉ ፍሬም 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። ሴንሰሩ በሰፋ ቁጥር እንደ ሰፊ ማድጋ ብዙ ብርሃን ያጠራቅማል፤ በጨለማ ክፍል የሚነሣ ፊት አይሟሟም። እንዲህ ከሆነ ሙሉ ፍሬም አይሻልም ወይ? ይሻላል፤ ነገር ግን ሰፊው ሴንሰር ሰፊ ሌንስ ይጠይቃል፤ ሌንሱ ከካሜራው ይልቅ ይወደዳል፣ ይከብዳልም። የምናነሣው ደግሞ የክፍል ሥዕል፣ የእግር ኳስ ጨዋታ፣ በየቤቱ የሚገኙ ሽማግሌዎችና እስከ ቢላቴ ወንዝ ድረስ በእግር የሚደረጉ የጂኦግራፊ ጉዞዎችን ነው። ተሸካሚዎቹም እኛው ነን።

በመጨረሻ ሁለት ካሜራ ለውድድር ቀረቡ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሶኒ ኤ 6000 ነው፤ ኤ.ፒ.ኤስ.-ሲ. ሴንሰርና 24 ሜጋፒክስል አለው፣ ከባትሪው ጋር 344 ግራም ይመዝናል፣ በሴኮንድ 11 ሥዕል ያነሣል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኦሊምፐስ ኦኤም-ዲ ኢ-ኤም 10 ማርክ 2 ነው፤ 16 ሜጋፒክስል ብቻ ቢኖረውም ሴንሰሩ የእጅን መንቀጥቀጥ ለመካስ በውስጡ ይንሳፈፋል፣ ከባትሪው ጋር 390 ግራም ነው። እግር ኳስ የሚወዱት የክበባችን አባሎች ለሶኒው ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ፤ በኳስ ጨዋታ ረገድ ልክ ነበሩ። ሌሎቻችን ግን ምርጫችንን በሁለት ነገር አጸናን። የመጀመሪያው፣ በምሽት በኩራዝ አጠገብ የተቀመጡ አዛውንት አይሮጡም፤ የሚንቀጠቀጠው የአንሺው እጅ ነው፤ ስለዚህ የሚረጋ ሴንሰር ከሚፈጥን ማንሻ ይልቅ ይጠቅመናል። ሁለተኛው የሌንሶቹ ክብደትና ዋጋ ነው። አንድ መምህር ደግሞ ኦሊምፐስ የካሜራ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2021 ለሌላ ኩባንያ ማስተላለፉን ጠቅሰው «የሞተ በቅሎ ልትገዙ ነው?» ብለው አስደነገጡን። ነገር ግን ይኸው የሌንስ መግጠሚያ ፓናሶኒክም የሚሠራበት በመሆኑ፣ ተረካቢው ኩባንያም ሥራውን ስለ ቀጠለ ሥጋቱ ቀለለ።

ስለ ሌንስ አመራረጥ ትንሽ እንዘርዝር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በማይክሮ ፎር ሰርድስ የሌንሱን ቁጥር በሁለት ማባዛት ያስፈልጋል፤ 25 ሚሊሜትሩ በሙሉ ፍሬም እንደ 50 ሚሊሜትር ሆኖ ያያል። ከካሜራው ጋር የሚሸጠው ከ14 እስከ 42 የሆነው ሌንስ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ ጠባብ ስለ ሆነ ለቀን ብርሃን እንጂ ለቤት ውስጥ አይሆንም። እኛ የገዛነው 25 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 የሆነውን፣ ክብደቱ 137 ግራም፣ እና ከ40 እስከ 150 ሚሊሜትር የሚሄደውን፣ ክብደቱ 190 ግራም ነው። 45 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 የሆነውን፣ ለሰው ፊት የተመሰገነውን፣ ተመኝተን ነበር፤ ገንዘቡ ግን አልደረሰም።

ከሁሉ በላይ ግን ልባችንን የወሰደው መመልከቻው ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ነጭ ግድግዳ ወይም ነጭ ጋቢ ሲያይ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ያጨልመዋል፤ ፊታችንም አብሮ ይጨልማል። ይህ በአንሺው አለማወቅ ብቻ የመጣ አይደለም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮዳክ ለፊልም ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ ካርድ ሲልክ በካርዱ ላይ የነበረችው «ሸርሊ» የምትባል ነጭ ሴት ነበረች፤ ቀለሙ የሚለካው በእርስዋ ቆዳ ነበር። በባለመስተዋቱ ካሜራ መመልከቻ ውስጥ የምናየው ዓለሙን እንጂ ሥዕሉን ስላልሆነ ስሕተቱ የሚታወቀው ከተነሣ በኋላ ነው። በመስተዋት አልባው ግን ፊቱ ከጨለመ ሳይነሣ በፊት እናየዋለን፤ በጣት መሽከርከሪያውን አዙረን ብርሃን እንጨምራለን። ከላይ የነገርናችሁ እናት የወንድማቸውን ፊት ያጡት በዚህ ጥቂት ማዞሪያ ምክንያት ነው።

ካሜራውን በ2017 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ አስመጣን። ያገለገለ ዕቃ ለሚገዙ ሁሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ የመረመርንበትን እንጽፋለን። ሌንሱን ወደ ፀሐይ ሳይሆን ወደ ሰማይ አንሥተን ሻጋታ እንዳለው አየን፤ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 16 አጥብበን ነጭ ወረቀት አነሣንና በሴንሰሩ ላይ አቧራ መኖሩን መረመርን፤ ኤሌክትሪኩን ማንሻ ዘግተን በሜካኒኩ ብዙ ጊዜ ተኮስን።

አሁን ያንን መካሪያችንን እናንሣ። እኒህ ሰው በሶዶ ለብዙ ዓመታት ፎቶ ቤት የነበራቸው ናቸው፤ ቤቱን ከዘጉ ቆይተዋል። ካሜራችንን ልናሳያቸው በሄድን ጊዜ በእጃቸው ገለባብጠው «ይህማ የላይካ የልጅ ልጅ ነው» አሉና ከሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ 50 ሚሊሜትር የፊልም ካሜራ ሌንስ አውጥተው ሰጡን። መስተዋት የሌለው ካሜራ ሌንሱንና ሴንሰሩን የሚለያየው ርቀት አጭር፣ በእኛ ካሜራ 19.25 ሚሊሜትር ብቻ፣ ስለ ሆነ ከባለመስተዋት ካሜራ የተወሰደ ሌንስ በመካከል ቀለበት ገብቶለት ይሠራል። የቀለበቱ ዋጋ ከሌንስ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ማነጣጠሪያው በእጅ ነው፤ ነገር ግን መመልከቻው የጠራውን ጠርዝ በቀለም እያሳየ ይረዳል። ያ ሌንስ በካሜራችን ላይ እንደ 100 ሚሊሜትር ሆኖ ያያል፤ ልንገዛው ያልቻልነውን የፊት ሌንስ ቦታ ያዘ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት የሽማግሌዎች ሥዕሎች በሙሉ የተነሡት በእርሱ ነው። የመጀመሪያውን ያነሣነው ራሳቸውን ነበር፤ «እኔ ሰው ሳነሣ ኖርሁ እንጂ ራሴ መች ተነሣሁ» እያሉ ኮታቸውን ለመልበስ ወደ ጓዳ ገቡ።

ጉድለቱንም ሳንሸሽግ እንናገር። መመልከቻው ኤሌክትሪክ ስለሚበላ አንዱ ባትሪ በአምራቹ ልክ 320 ሥዕል ገደማ ያነሣል፤ ባለመስተዋቶቹ በአንድ ባትሪ ከዚህ በእጥፍ ያነሡ ነበር። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የጊፋታ በዓል ላይ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ የሆነውን የዱንጉዛ ልብስ ለብሰው የሚጨፍሩትን ስናነሣ ከቀትር በኋላ ባትሪው አለቀብን፤ ሁለተኛ ባትሪ የገዛነው ከዚያ ወዲያ ነው። ድምፅ የሌለው ማንሻ በክፍል ውስጥ ግሩም ቢሆንም የሚሮጥ ሰው ሲነሣበት እግሩን ያጣምመዋል፤ ለኳስ ጨዋታ ሜካኒኩን እንጠቀማለን። መስተዋት ስለሌለ ሌንስ ሲቀየር ሴንሰሩ ወደ ውጭ አፍጦ ይቀራል፤ በበጋ አቧራ ጊዜ ካሜራውን ወደ መሬት ደፍቶ መቀየር ግዴታ ነው።

ያ በነጭ ግድግዳ ፊት የተነሣው የድሮ ሥዕል በገጽ መጀመሪያ ላይ እንዳለ ታትሟል። ከሥሩ ስማቸውን ያወቅንላቸውን ተማሪዎች ጽፈናል፤ ከሦስተኛው ረድፍ ከግራ አራተኛው በኮሌታው የታወቀው ነው። ሌሎቹን የሚያውቅ አንባቢ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጥቶ ቢነግረን እንመዘግባለን። ካሜራው በዚያው በቤተ መጻሕፍቱ ክዳን ባለው ሣጥን ተቀምጧል፤ ቁልፉ ከቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ ዘንድ ነው፤ የሚዋስ ተማሪም በመዝገቡ ላይ ይፈርማል።